ጆሮዋስ?

የጋሼ ንጋቱን መሞት የነገረኝ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው። በከተማችን በሞላሌ ሰው ሲሞት የሐዘን ማስታወቂያውን የሚያትሙት እሳቸው ነበሩ፤ ዙሪያውን ጥቁር ክፈፍ፣ መሃል ላይ ፎቶ፣ ከሥር ስም። በዚያ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በሱቃቸው በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ክፈፍም ፎቶም የለው፤ መስመሩም ወደ ቀኝ ቁልቁል ይንሸራተታል። መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነው። «ይቺን ጋሼ ቢያዩዋት ቀድደው ይጥሏታል!» አልኩ በልቤ። ከዚያ ስሙን አነበብኩ።

ንዴቱ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ሰው ስለ ሞተ ሰው ሲጽፍ ደግ ደጉን ነው የሚመርጠው። እኔ ግን እንደዚያ ብጽፍ ጋሼ ራሳቸው አይቀበሉኝም። ስለዚህ እንደነበሩት እጽፋቸዋለሁ፦ ችኮ ነበሩ። እንዲያውም በመንዝ ምድር ውስጥ እንደሳቸው ያለ ችኮ አላየሁም።

ሱቃቸው ከአውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ከበሩ ውጪ አንድ አግዳሚ ወንበር። ድሮ የሱቅ ስም በብሩሽ የሚጽፉ ሰው ነበሩ፤ አሁንም በከተማው ውስጥ ቀለማቸው የደበዘዘ የሥጋ ቤትና የፀጉር ቤት ጽሑፎች የሳቸው ናቸው። ኮምፒውተር ሲመጣ ብሩሹን ትተው ወደሱ ዞሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቤት ውስጥም የሱፍ ቆብ የማያወልቁ። የመነጽራቸው አንድ እጀታ በሽቦ የታሰረ ነው። የሆነ ነገር ሲጠየቁ መነጽሩን ያወልቃሉ፣ እፍ ይሉበታል፣ ከዚያ ሳይወለውሉት መልሰው ያደርጉታል። መልሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ እስኪመጣ መጠበቅ አልችልም።

በስልክ ሥዕል የምንሠራ የከተማው ልጆች ሥራችንን ወደሳቸው እንወስድ ነበር። ያምር፣ አያምር፣ ሁሉንም ይቀበላሉ። ያማረችውን አትመው ግድግዳቸው ላይ ይሰቅሏታል። እንግዲህ የማን ሥዕል እንደተሰቀለ ለማየት ቅዳሜ ገበያተኛው ሁሉ አንገቱን ሳያስገባ አያልፍም። ያቺ ግድግዳ ለኛ ትልቅ ነገር ነበረች።

መጀመሪያ የሄድኩት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ጓሳ ላይ ያየሁትን ጭላዳ ዝንጀሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ በጣቴ ስሥል ከርሜ፣ ስልኬን ዘረጋሁላቸው። አዩት። መነጽር አወለቁ፣ እፍ አሉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ጆሮዋስ?» አሉኝ።

«የምን ጆሮ?»

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የአቶ ታደሰ። ሰብለ እባላለሁ።»

«ታደሰ የበጎቹን ጆሮ እንዴት አድርጎ ነው የሚቆርጠው?»

«የቀኙን ጫፉን ይቆርጣል፤ ግራውን መሃሉን ይሰነጥቃል» አልኩ፣ ይሄ ከሥዕል ጋር ምን አገናኘው እያልኩ።

«በጓ ከሰው በግ ጋር ብትቀላቀልስ?»

«በጆሮዋ ትታወቃለች።»

«እንግዲያው ሥዕልሽም ትታወቅ። በምን ሠራሻት?»

ጆሮ የሚሉት ይሄን ነው፤ ሥዕሏ የተሠራችበትን ፕሮግራም። ጠንካራ ልባስ ያለው ደብተር አላቸው፤ እዚያ ላይ የሥዕሏን ስም፣ የሠራትን ልጅ፣ ከዚያ በምን እንደተሠራች ይጽፋሉ። ግድግዳ ላይ ስትሰቀልም ከሥሯ ጣት የምታክል ወረቀት ትለጠፋለች፤ እዚያም ያው ይጻፋል። የፕሮግራሞቹን ስም ግን አይጠሩም። «ስማቸውን በየጊዜው ይለዋውጡታል፤ መልካቸውን ነው የማውቀው» ይላሉ። ስለዚህ ስልክ ላይ በሚታየው ምልክታቸው ይጠሯቸዋል፦ ባለ ላባው፣ ባለ ዓሣው፣ ባለ ቢጫው ብሩሽ። የሚፈልጉትን በቃላት ጽፈውለት ማሽኑ ራሱ የሚሥላት ሥዕል ደግሞ አንድ ስም ብቻ ነበራት፦ «የታዘዘች»።

አንድ ቀን የሥዕል መምህራችን ሊያሳትም መጥቶ ግድግዳውን እያየ ሳቀባቸው።

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ሥዕሉን ነው የሚያየው። ብሩሹን ማን ይጠይቃል?»

«ያ ትከሻህ ላይ ያለው ባና የማን ነው?»

«የራሴ ነዋ!»

«ስትገዛው ሱፉ የየት ነው፣ ማን ፈተለው ብለህ አልጠየቅክም?»

«ጠይቄያለሁ።»

«ለብርድ ልብስ የጠየቅከውን ለሥዕል ስጠይቅ ምን ያስቅሃል?»

እኔ ጥግ ቆሜ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ያኔ ተራው የኔ እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው ደስ ያለኝ።

ጋሼ ግን ከዚህ የባሰ አመል ነበራቸው። እሱ የጅራቱ ነገር ነው። ማንም ስልክ የሚከፍተውን ቅጂ ብቻ ሰጥተናቸው መሄድ አንችልም። «ጥሬውን አምጡ፤ የሚታረመው ጥሬው ነው» ይላሉ። ጥሬው ደግሞ ከተሠራበት ፕሮግራም ውጪ አይከፈትም። እያንዳንዱ ፕሮግራም በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ከነጥብ ቀጥሎ ሁለት ሦስት የፈረንጅ ፊደል ይቀጥላል፤ ኮምፒውተሩ ይሄ ፋይል የማን እንደሆነ የሚያውቀው በነዚያ ፊደሎች ነው። ጋሼ እነዚያን ፊደሎች «ጅራት» ይሏቸዋል። ጥሬውን በገመድ ወደ ኮምፒውተራቸው ወስደው የአማርኛ ስም ያወጡላትና ጅራቷን ቆርጠው ይጥሉታል።

«ጋሼ፣ ኧረ አይቁረጡት! ኮምፒውተሩ በሱ ነው የሚያውቃት!»

«አንቺ የመንዝ ልጅ አይደለሽም? የሴት ጠቦት ጅራት ይቆረጣል። ሲቆረጥ ነው የምትሰባው።»

«ይቺ ጠቦት አይደለችም፤ ፋይል ናት!»

«የአማርኛ ስም አውጥቼላት ከኋላዋ የማላነበው ነገር ጎትታ አትዞርም። ጆሮዋ ደብተሬ ላይ አለ። ኮምፒውተሩ ባያውቃት እኔ አውቃታለሁ።»

ይቺን ስንት ጊዜ ተከራከርናት! ከእኔ ሌላ ሰው ቢያስረዳቸው ይሰሙ ይሆናል እያልኩ መምህራችንን ሁሉ ልኬባቸዋለሁ። መነጽር፣ እፍ፣ ከዚያ ያው መልስ፦ እኔ አውቃታለሁ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የሞላሌን ገበያ ሣልኩ። በጎቹን፣ አህዮቹን፣ የሴቶቹን ጥላ፣ ሁሉንም በጣቴ። ሰማዩ ግን እምቢ አለኝ። ደመናው ሁሉ የጤፍ ሊጥ መሰለብኝ። አምስት ጊዜ አጥፍቼ ሠራሁት፤ በመጨረሻ ሰለቸኝና ከነዚያ ታዝዘው ከሚሥሉት ፕሮግራሞች አንዱን ከፍቼ «ከዝናብ በፊት ያለ የደጋ ሰማይ» ብዬ ጻፍኩለት። እንዴት ያለ ሰማይ መሰላችሁ የሰጠኝ! ገበያዬ ላይ ገጠምኩትና እየሮጥኩ ሄድኩ።

«በምን ሠራሻት?»

«በባለ ዓሣው።»

ሥዕሏን ረጅም ጊዜ አዩዋት። «ሰማዩስ?»

መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም አመሰገኑኝ፤ አትመው መሃል ግድግዳ ላይ ሰቀሏት። ሲሰቅሏት እንዴት ደስ እንዳለኝ! ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቼን ሰብስቤ ይዤ መጣሁ። ከሥዕሏ ሥር በዚያ በሚያምረው እጃቸው እንዲህ ተጽፏል፦

«የሞላሌ ገበያ። በሰብለ ታደሰ። ሰማዩ የታዘዘ፣ መሬቱ የሷ።»

ጓደኞቼ በሳቅ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ መቀመጫ አጣሁ። ፀሐይ ሲከር «ሰብልዬ፣ እስቲ ደመና እዘዢልን!» ልብስ ሲታጠብ «ሰብልዬ፣ ዛሬ ዝናቡን ያዢው!» አንዷማ ጃንጥላዋን ከመዘርጋቷ በፊት እኔን ማስፈቀድ ጀመረች።

እያለቀስኩ ሱቅ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ያቺን ወረቀት አንሷት።»

«ውሸት አለባት?»

«የለባትም፤ ግን…»

«ውሸት ከሌለባት ምን አደረገችሽ? መሬቱ ያንቺ ነው ብዬ ጽፌልሻለሁ እኮ። በጎቹን ሁሉ አየኋቸው። የአንዷ የቀኝ ጆሮ ጫፉ የተቆረጠ ነው፤ የታደሰ በግ ናት። ይሄን ማን ያዛል?»

አሁን ስጽፈው ምን ያህል እንዳከበሩኝ ይገባኛል። ያኔ ግን የሰማሁት «አላነሳም» የሚለውን ብቻ ነው። ወረቀቷን አላነሷትም።

እንግዲህ መበቀል አማረኝ። ከሱቁ ውጪ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ለመስኮታቸው ሰጥቼ፣ ጋሼን ሣልኳቸው። ቆባቸውን፣ ሽቦ የታሰረውን መነጽር፣ እፍ ሊሉ ሲሉ የሚሾለውን ከንፈራቸውን። ከሠራኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ወጣ። ከዚያ በስተመጨረሻ፣ ክፋት ነዋ፣ ግራ ጆሯቸውን መሃሉን ሰነጠቅሁት። ልክ እንደ በግ።

ገብቼ ሰጠኋቸው። አዩት። ጆሮውን ሳያዩት አይቀሩም፤ ዓይናቸው እዚያ ጋ ቆሞ ነበር። እኔ ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ «በምን ሠራሻት?» ብቻ አሉኝ።

«በባለ ላባው» አልኩ። ባለ ላባውን ከፍቼውም አላውቅ። ይሄ ሁለተኛው በቀሌ ነበር፤ ደብተራቸው ውስጥ አንድ ውሸት ላስቀምጥላቸው።

«እሺ» ብለው ጻፉት። ጥሬውን ወሰዱ፣ «ጋሼ» ብለው ስም አወጡላት፣ ጅራቷን ቆረጡ። አላተሟትም፤ «የገዛ ፊቴን ሰቅዬ ቀኑን ሙሉ ከሱ ጋር ልተያይ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ሱቁን ረገጥሁት ማለት አልችልም። በሩ ላይ ሳልፍ ከውስጥ ይመለከቱኛል፤ እኔ ወደ አውቶቡሱ አያለሁ። ከወራት በኋላ ታመሙ ሲባል ሰማሁ፤ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዱ። ሲመለሱ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ። የተመለሱት ለቀብር ነው።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ አርባው ሲቃረብ እኛ ቤት መጡ። መታወቂያ በእጃቸው ይዘዋል።

«ሰብልዬ፣ ይሄን ፎቶ እዪው። ንጋቱን ይመስላል?»

የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ፀጉሩ የጎፈረ፣ መነጽር የሌለው። «ኧረ እትዬ፣ አይመስሉም።»

«ወንድሙን ነው የሚመስለው። የሰውን ሁሉ ፎቶ ሲያተልቅ ኖሮ የራሱን እምቢ ብሎኝ ቀረ። አንቺ ሥለሽዋል አሉ። ለአርባው ትልቅ ተደርጎ እንዲሠራልኝ ነው። ደብረ ብርሃን ነው የሚታተመው፤ ሐሙስ ጠዋት በሚሄደው አውቶቡስ ካልተላከ አይደርስም። ፊቱን እየረሳሁት ነው ልጄ። ከሞተ ገና ወሩ ነው፣ እየጠፋብኝ ነው።»

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ሥዕሉን የሠራሁበት ስልክ ልብስ ስናጥብ ወንዝ ገብቶ ቀርቷል። ስላልታተመች ማንም ስልክ የሚከፍተው ቅጂ የላትም፤ የቀረችው የጋሼ ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ጥሬ ብቻ ናት። ሱቁን ከፍተን ኮምፒውተሩን አበራሁት፤ «ጋሼ» የምትለውን አገኘኋት፤ ነካኋት። ኮምፒውተሩ ምን ብሎ ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው?

«ይህን ፋይል በምን ልክፈተው?»

ሞተውም በኮምፒውተር አፍ ይጠይቁኛል! መልሱን ግን አላውቀውም። ያን ሰሞን ለሥዕል የሚሆን ፕሮግራም ስጭንና ስደመስስ ነበር የከረምኩት፤ አሥራ አምስት ይሆናሉ። በየትኛው እንደሠራኋት ጨርሶ ከራሴ ጠፍቷል። ጅራቷ ቢኖር ኮምፒውተሩ ያውቃት ነበር፤ ጋሼ ቆርጠውታል። ጆሮዋ እውነት ቢሆን ደብተሩ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ዋሽቻለሁ። እሳቸው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል፣ ተባብረን ቆልፈናታል።

ለእትዬ ይሄን አልነገርኳቸውም። «ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አልኩ።

ሰኞና ማክሰኞ ከትምህርት ቤት መልስ የእናቴን ስልክ ይዤ ከገበያው ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ወጣሁ፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ነው። አንዱን ፕሮግራም ለማውረድ አንድ ሰዓት። ከዚያ ባዶ ሥዕል ከፍቼ ጅራቱ ምን እንደሆነ ማየት፤ ሱቅ ወርጄ ያንን ጅራት «ጋሼ» ላይ መቀጠል፤ ወደ ስልኩ መላክ፤ መክፈት። «ፋይሉ አልታወቀም።» እንደገና ጉብታ። «ፋይሉ አልታወቀም።» አምስት ሞከርኩ። ሞላሌን፣ ኔትወርኩን፣ ጋሼን፣ የጠቦት ጅራት የቆረጠውን ሁሉ ረገምኩ። ራሴን ግን ለመርገም ገና አልደፈርኩም።

ረቡዕ ከሰዓት ስድስተኛው እምቢ ሲለኝ እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነበር። ድምፅ እያወጡ ያነቡታል፤ ለነገሩ ሳይሆን ለእጅ ጽሑፉ። «የጓሳ ጭላዳ። በሰብለ ታደሰ። በባለ ዓሣው… የሞላሌ ገበያ። ሰማዩ የታዘዘ…» ፈገግ አሉ። እኔ ወዴት እንደሚሄዱ ገባኝና ወንበሩ አቃጠለኝ።

«እትዬ፣ እሱን ይተዉት…»

«‹ጋሼ።› ይቺ የሱ ናት! ‹በሰብለ ታደሰ። በባለ ላባው፣ ብላለች።›» ቆሙ። ደብተሩን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። «ከሥሩ በእርሳስ የተጻፈ አለ። ‹ዋሽታለች። ስትሠራት በመስኮት አይቻታለሁ፤ ባለ ቢጫው ብሩሽ ነው። ተናድዳ ነው። ሲበርድላት ራሷ መጥታ በእስክሪብቶ ታርመዋለች።›»

ውጪ የአውቶቡሱ ረዳት ተሳፋሪ ይጣራል። እትዬ ደብተሩን ሳይዘጉ ቀና ብለው አዩኝ።

«በረደልሽ?» አሉኝ።

አልበረደልኝም። እንዲያውም ያኔ ነው የነደደኝ። ሰውየው ያን ሁሉ ወር በዚያ በር ሳልፍ የሚመለከቱኝ ለዚህ ነበር። አንድ ጊዜ ብገባ፣ «ጋሼ፣ ባለ ቢጫው ነው» ብል፣ በቃ። አላልኩም። አልቅሼ ሁሉንም ለእትዬ ነገርኳቸው፤ በቀሉን፣ ውሸቱን። ጆሮውን ግን መናገር አቃተኝ።

ባለ ቢጫው ብሩሽ ጉብታው ላይ አንድ ሰዓት ፈጅቶ ወረደ። ጅራቱን አየሁ፣ ወርጄ «ጋሼ» ላይ ቀጠልኩት፣ ወደ ስልኩ ላክሁት፣ ነካሁት። ተከፈተ። ቆቡ፣ የሽቦው መነጽር፣ እፍ ሊል የሾለው ከንፈር። ስልኩን ለእትዬ አቀበልኩና ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ።

«ውይ፣ ንጋቱ!» አሉ። ስክሪኑን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ሥዕሉ ትልቅ ሆነባቸው፤ ደነገጡ። ከዚያ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄ ጆሮው ምን ሆኖ ነው?»

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። ንዴት ነው። ጥሬው ስለሆነ ይታረማል፤ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጅብኝ፣ አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ…»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ልይዛቸው ተነሣሁ። እየሳቁ ነው። እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ።

«ተይው! እንዳትነኪው!» አሉኝ፣ ስልኩን ከኔ እያሸሹ። «የሰውን ሁሉ ሥራ ጆሮ ሲቆርጥ ኖሮ፣ የሱን የሚቆርጥለት ጠፍቶ ነበር እኮ። በወዲያኛው ዓለም ስንቱ ሰው ነው ያለው? ሄጄ ስፈልገው በምን አገኘዋለሁ እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ይኸው።»

ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡሱ ተላከ። በአርባው ዕለት ድንኳኑ ውስጥ በትልቁ ቆመ። የጋሼ ታላቅ ወንድም ጠጋ ብለው አይተው «በሐዘን ላይ ይሄ ምን የሚሉት ቀልድ ነው?» ሲሉ እትዬ «ምልክቴ ነው፤ አይንኩብኝ» ብለው መለሱላቸው። ከሥሯ ጣት የምታክል ወረቀት ለጥፌያለሁ፦ «ጋሼ። በሰብለ ታደሰ። በባለ ቢጫው ብሩሽ። ሁሉም በጣት፤ የታዘዘ የለባትም።» ደብተሩም ላይ እንዲሁ በእስክሪብቶ አርሜያለሁ። እርሳሱን ግን አላጠፋሁትም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ ሱቁን ይከፍቱልኛል። እኔ ደብተሩን ዘርግቼ የልጆቹን ሥዕሎች አንድ በአንድ አወጣለሁ፤ ጆሯቸውን አነባለሁ፣ ጅራታቸውን መልሼ እቀጥላለሁ። አዲስ ሥዕል ይዞ የሚመጣ ልጅም አለ። ምን ብዬ እንደምጠይቀው ታውቃላችሁ።

በጆሮው ልክ ጋሼ ነበሩ፤ ጽፌ ፈርሜያለሁ። በጅራቱ ግን ልክ እኔ ነበርኩ። ይሄንን ሳያምኑልኝ መሞታቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።